አርሴማ ነጠላዋን ለቀቀች

ድንጋጤ ዓይነቱ ብዙ ነው። ሌሊት ስልክ ሲጮኽ የሚመጣ አለ፤ መንገድ ላይ ከኋላ የፖሊስ መብራት ብልጭ ሲል የሚመጣ አለ፤ ቅዳሴው ጸጥ ባለበት ሰዓት የራስ ስልክ ሲዘፍን የሚመጣው ደግሞ ለብቻው ነው። እኔን ያገኘኝ ከእነዚህ አንዱም አይደለም። የኔ የመጣው በልብስ ልኬት መሀል፣ አፌ ስፒል ተሞልቶ ሳለ ነው። ስፒል በአፍ ይዞ መደንገጥ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ልብስ ሰፊ ብቻ ነው። መጮኽ አይቻልም፤ መዋጥ አይቻልም፤ አየር እንኳ በአፍንጫ በልክ በልክ ነው የሚሳበው።

ሱቃችን ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ በሁለት ምግብ ቤቶች መሀል ተጣብቃ ያለች ናት። የሀገር ልብስ እንሸጣለን። ቅዳሜና እሑድ ከሩቅ በመኪና የሚመጣ ሰው ይበዛል፤ ፓርኪንግ ፍለጋ ሲዞር ስለሚቆይ የሚገባው ተናዶ ነው። እኔ ልክ እወስዳለሁ፤ የሰፋውን አጠብባለሁ፤ የጠበበውን በዝምታ አሰፋለሁ። ለምን እንደጠበበ አልጠይቅም።

አንድ ሕግ ግን አለኝ። ወጣት ከገባ ሱቁ ውስጥ የሚወራው አማርኛ ብቻ ነው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ባለቤቱንም አላስፈቀድኩም። እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆች «ሶ» ካሉ ቀና ብዬ አያቸዋለሁ፤ «ላይክ» ካሉ ሜትሬን አጣጥፌ እቆማለሁ። ልካቸው ሳይወሰድ መሄድ ስለማይችሉ ይታዘዛሉ። ያልመጣላቸውን ቃል እያማጡ፣ ከእንግሊዝኛው እየመነዘሩ ያወጡታል። ስሰማቸው ደስ ይለኛል፤ ልጆቹ ቋንቋቸውን እንዳይረሱ የጸለይኩት ተሰማልኝ እላለሁ። እኔ ራሴ ቀኑን ሙሉ «ፓርክ አድርጌ መጣሁ» እያልኩ የምውል ሰው መሆኔን አልደብቅም። ሕጉ ግን የወጣው ለወጣት ነው።

ያን ሰሞን ደግሞ ዐቢይ ጾም ነበር። ሥጋና ወተቱን መተው ስለለመድኩት ለንስሐ አባቴ፣ «ዘንድሮ ከሰው ወሬም እጾማለሁ፤ ያልነገሩኝን ነገር አልጠይቅም» ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። አባ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑና «በርቺ ልጄ» አሉኝ። ያቺን ሳል ልብ ማለት ነበረብኝ።

ቤዛና ናቲ የገቡት በዚህ መሀል ነው። ቤዛ ልታገባ ነው፤ ናቲ የሚያገባት ነው። ሁለቱም ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ስለ ሙዚቃ ከተነሣ ግን ሠርጋቸው ራሱ ይረሳቸዋል። ቤዛ እጆቿን ዘርግታ ቆማለች፤ እኔ ከስር ተንበርክኬ የቀሚሷን ጠርዝ በስፒል እይዛለሁ፤ ናቲ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል።

«አርሴማ ነጠላዋን ለቀቀች እኮ» አለች ቤዛ።

እጄ ባለበት ቆመ።

አርሴማ ማን እንደሆነች ልንገራችሁ። የክርስትና ልጄ ናት። ክርስትና ስትነሣ ያቀፍኳት እኔ ነኝ፤ በየዓመቱ ለጥምቀት ነጠላ የማለብሳትም እኔ ነበርኩ። እናቷ እትዬ ጥሩነሽ፣ አበልጄ፣ ሚድ ሲቲ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ከኔ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራሉ። አርሴማ ነርስነት ስትማር ቆይታ አንድ ቀን ተወችውና ከሦስት ልጆች ጋር «የጎን በር» የሚባል ባንድ አቋቋመች። ማንም ትልቅ ድርጅት አልያዛቸውም፤ የሰው ጋራዥ ውስጥ እየቀዱ፣ ራሳቸው እያወጡ፣ በአማርኛ ይዘፍናሉ። የእኛ ሰው ልጆች አበዱላቸው። እትዬ ጥሩነሽ ግን «ወይ እኔ፣ ወይ ባንዱ» አሏት። ልጅቷ ጊታሯን አንሥታ ወደ ኖርዝ ሆሊውድ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ አልተነጋገሩም። በቅርቡ ባንዱ ፈረሰ ሲባል እትዬ ጥሩነሽ ስለቴ ሠመረ ብለው ጧፍ አበሩ። «አሁን ትደውላለች» እያሉ ስልካቸውን ከኪሳቸው አያወጡም፤ ራሳቸው መደወሉን ግን የሞት ያህል ይፈሩታል። እኔም ይህን ዕርቅ እንደ እንቁላል ይዤ፣ እንዳይሰበር ትንፋሼን ቆጥቤ ነው የከረምኩት።

ስለዚህ እጄ ቢቆም አይፈረድብኝም።

«አየሁት» አለ ናቲ። «ስስ ነው። ከስር ምንም የለውም።»

«ሆን ብላ ነዋ። ራቁቱን እንዲሆን ነው የፈለገችው።»

«ራቁት መሆኑ አይደለም ችግሩ። አራቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነበር የሚሞቀው። ብቻዋን ስትሆን ይበርዳል።»

አንዱ ስፒል ምላሴን ወጋኝ። ደም ደም አለኝ።

«አንተ ከባንዱ ውጪ የሆነ ነገር አይጥምህም» አለች ቤዛ። «ስንት ሺህ ሰው አይቶ ወዶታል። ደግሞ አልቅሰሃል፤ አትዋሽ።»

«ኦኬ፣ አለቀስኩ። ድልድዩ ላይ አለቀስኩ። ድልድዩ ላይ ስትጮኽ ማን አያለቅስም?»

«ኦኬ» ብሏል። ልገሥጸው አልቻልኩም።

«ጩኸቷ ከሆዷ ነው የሚወጣው» ቀጠለ ናቲ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። «ከዚያ ከላይ ወደ ታች ትወርዳለች። ከዚያ ጸጥ።»

«ሁለተኛውን ነጠላ ደግሞ ለፋሲካ ትለቀዋለች አሉ።»

ለፋሲካ። ክርስቲያን የተባለ ሁሉ ነጠላውን አጥቦ በሚለብስበት ቀን።

አንድ ጊዜ ስፒሎቹን ተፍቼ «ልጆች፣ ስለ ምንድን ነው የምታወሩት?» ብል ኖሮ ይህ ጽሑፍ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ግን ቃል ገብቻለሁ፤ ያልነገሩኝን አልጠይቅም። ከወሬ ጾሜና ከስፒሉ የትኛው አፌን አጥብቆ እንደያዘው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለቱ ልጆች የፓርኪንግ ሰዓታችን ደረሰ ብለው እየተነታረኩ ወጡ። እኔ ባዶው ሱቅ ውስጥ እንደተንበረከክሁ ቀረሁ።

ነገሩን በየመልኩ አሰብኩት። አንዲት ልጅ ከጓደኞቿ ተለያየች፤ ብቻዋን ቀረች፤ ነጠላዋን አውልቃ ጣለች፤ በስስ ልብስ ድልድይ ላይ ወጥታ ከሆዷ ትጮኻለች፤ ሕዝቡ ደግሞ በስልኩ ቀርጾ እያየ «ወደድነው» ይላል። ሀገር ቤት እንዲህ የሆነ ሰው ባየሁ ጊዜ መንደሩ ተሯሩጦ ይዞት ጠበል ወስዶታል። እዚህ ሰዉ ቆሞ ያለቅስለታል፤ ከዚያ ስለ ስስነቱ አስተያየት ይሰጣል።

አባ ጋ ደወልኩ። የሰው ስም በከንቱ እንዳላነሣ ብዬ በጥንቃቄ፣ «አባ፣ አንዲት የማውቃት ልጅ ነጠላዋን ጥላ ድልድይ ላይ ትጮኻለች» አልኳቸው።

«አሁን?»

«ደጋግማ ይመስለኛል። ሰው ሁሉ አይቷታል።»

«እናቷ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ንገሪያት። ጠበል ይዛችሁ ሂዱ። ይሄ የስልክ ነገር አይደለም፤ ዝጊው።»

ዘጋሁት። ሱቁንም ዘጋሁት።

ለእናት መርዶ እንዴት እንደሚነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይ ኖሬአለሁ። ከሩቅ ይጀመራል፤ መጀመሪያ ታማለች ይባላል፤ ትንሽ ቆይቶ ጠንቶባታል ይባላል። እኔም እትዬ ጥሩነሽ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ከሩቅ ልጀምር አልኩና፣ «አበልጄ፣ የዘንድሮ ብርድ አልወጣ አለ አይደል?» አልኳቸው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ማራገቢያ እየዞረ።

እትዬ ጥሩነሽ ስልካቸውን ኪሳቸው ውስጥ ጨበጡ። «አርሴማ ምን ሆነች?» አሉ።

«ምንም አልሆነችም። ነጠላዋን ጥላለች ነው የሚሉት።»

«ነጠላውስ ይሁን፤ ወጣት ናት።»

«ድልድይ ላይ ነው አሉ።»

«ምን ድልድይ?»

«ድልድይ ላይ ቆማ ትጮኻለች። ከዚያ ትወርዳለች።» ከሩቅ እጀምራለሁ ያልኩት ሴትዮ በሦስት ዐረፍተ ነገር ልጅቷን ከላይ ወደ ታች አወረድኳት።

እትዬ ጥሩነሽ አልጮኹም። ፊታቸውን እንኳ አልቧጠጡም። ተነሥተው ጫማ አደረጉ፤ አንዱ የሥራ ጫማቸው ነበር፣ አንዱ የቤተ ክርስቲያን። እኔም አይቻለሁ፤ ግን በዚያ ሰዓት ማን አፉን ሞልቶ ጫማዎ ተለዋውጧል ይላል? ወርጄ ከቤቴ ጠበሉን አመጣሁ። ያለው በብርቱካን ጭማቂ ጀሪካን ነው፤ ወረቀቱን ሳላላቅቀው ቆይቼ የብርቱካን ሥዕሉ እንዳለ ነው።

ጎረቤታችን ጋሼ ታደለ ታክሲ ይነዳሉ። ሁኔታችንን አይተው ምንም ሳይጠይቁ በሩን ከፈቱልን። ፍሪዌይ ላይ ስንወጣ ነው የጠየቁት።

«የትኛው ድልድይ ነው?»

«አልተነገረኝም ጋሼ።»

ጋሼ ታደለ አንድ እጃቸውን ከመሪው አንሥተው ወደ ፊት አሳዩን። ፍሪዌዩ እስከ ዓይናችን ማየት ድረስ ድልድይ በድልድይ ነበር። ከላያችን ያልፋል፣ ከጎናችን ይጠመዘዛል፣ አንዱ በአንዱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ይሄዳል። «የከተማው ግማሽ እኮ ድልድይ ነው» አሉ። «ትንሽ ምልክት ስጡኝ።»

ምልክት አልነበረንም። ስለዚህ ሁሉንም እናይ ጀመር። ጋሼ ታደለ በየድልድዩ ስር ሲደርሱ ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ከኋላ ያለው መኪና ይጮኽብናል፤ እኔ በግራ እትዬ ጥሩነሽ በቀኝ አንገታችንን አውጥተን ወደ ላይ እናያለን። አንዱ ላይ ነጭ ነገር ሲውለበለብ አይተው እትዬ ጥሩነሽ የጋሼ ታደለን ትከሻ ያዙ። ፌስታል ነበር፤ አጥሩ ላይ ተሰክቶ። ተመስገን አሉ፤ በፌስታል ተመስገን ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ይኼኔ አንድ ነገር መጣልኝ። ቤዛ ጋ ደወልኩ።

«ቤዛ፣ አርሴማ የት ነው ያለችው?»

«ውይ እትዬ፣ ታውቂያታለሽ እንዴ? አሁን ኖርዝ ሆሊውድ ናት። አድናቂዎቿን ሰብስባለች፤ እኛም እዚሁ ነን። አድራሻውን ልላክልሽ?»

ልጅቷ «አንቺ» ትለኛለች። አማርኛውን ሳስተምር አንቱታውን ዘልዬዋለሁ።

«ሰው ተሰብስቧል? ድልድዩስ?»

«አልደረሰም፤ ቶሎ ከመጣሽ ትሰሚዋለሽ።»

ስልኩ ተቋረጠ። «ምን አለች?» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

«ገና ድልድዩ ላይ አልደረሰችም።»

ጋሼ ታደለ ከዚያ በኋላ የነዱትን አነዳድ ለፖሊስም ለንስሐ አባትም አልናገርም።

አድራሻው ድሮ ጋራዥ የነበረ ቤት ነው። የብረት መዝጊያው በግማሽ ተነሥቷል። እትዬ ጥሩነሽ እግራቸው ከድቷቸው ጋሼ ታደለን ተደግፈው በሩ ላይ ቀሩ፤ እኔ ጀሪካኔን አቅፌ ጎንበስ ብዬ ገባሁ።

ያየሁትን እንዳየሁት ልንገራችሁ። ጨለም ያለ ክፍል ነው። ብዙ ወጣት መሬት ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቷል፤ ዓይኑን ጨፍኗል፤ አንድም ሰው አይተነፍስም። ከፊት ወንበር ላይ አርሴማ ተቀምጣለች። ነጠላ የላትም። ከስታለች። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከንፈሯን ገጥማ፣ ወለሉን ታያለች። የሆነ ሙዚቃ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ከክፍሉ ውስጥ ይመጣል።

ከዚያ አርሴማ ጮኸች።

ከንፈሯ ሳይከፈት። ይህን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። አፏ ግጥም እንዳለ፣ እጆቿ ጭኗ ላይ እንዳሉ፣ ያ ከሆዷ የሚወጣው የገዛ ድምጿ ከክፍሉ ግድግዳ ሁሉ ጮኸ። ጠበል ቦታ ያደገ ሰው፣ ባለቤቱ ዝም ብሎ ሌላ በላዩ ላይ ሲጮኽ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አልኩና ጀሪካኑን በሁለት እጄ ይዤ፣ ባለኝ አቅም ሁሉ፣ ወደ ፊት ረጨሁት።

አርሴማን ያገኛት ትንሹ ነው። የቀረው ከጎኗ የነበረውን ትልቅ የድምፅ ማጉያ አገኘው። ማጉያው ትሽ አለ። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ጩኸቱ ተቆረጠ።

ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልናገር። ወጣላት ብዬ ነበር።

«እትዬ?» አለች አርሴማ፣ ከፊቷ ውሃ እየጠረገች። «ምን እያደረግሽ ነው?»

«ልጄ፣ ነጠላሽን የት ጣልሽው?»

«አልጣልኩትም። ለቀቅኩት። ይኸው እየሰማነው ነበር እኮ።»

«ነጠላ ይሰማል?»

ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ሳል አለው። ቤዛ ከተቀመጠችበት ተነሥታ መጣች፤ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። «እትዬ» አለች በሹክሹክታ፣ «ነጠላ ማለት... ነጠላ ዜማ። አንድ ዘፈን ብቻውን ሲወጣ ነጠላ ይባላል።»

«ስስ ነው፣ ከስር ምንም የለውም ያላችሁትስ?»

«ቤዝ የለውም፣ ከበሮ የለውም። ጊታርና ድምፅ ብቻ ነው።»

«ድልድዩስ?»

«የዘፈን መሀል ነው። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚያሻግረው። በእንግሊዝኛ እንደዚያ ነው የሚሉት፤ በአማርኛ ምን እንደሚባል ስላላወቅን...»

«እትዬ» አለ ናቲ ከወለሉ ላይ፣ «ሱቅሽ ውስጥ አማርኛ ብቻ አውሩ ያልሽን አንቺ ነሽ።»

ባዶ ጀሪካኔን አቀፍኩ። ወለሉ እንዲውጠኝ ብለምንም ወለሉ ሲሚንቶ ነው።

የድምፅ ማሽኑን የያዘው ልጅ ማጉያውን ሊያደርቀው ሞከረ፤ አልነሣ አለ። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። እንደገባኝ ስብሰባው የተጠራው ዘፈኑን ሰምቶ ሊወያይበት ነበርና፣ አሁን ዘፈን ስለሌለ ወዲያው ወደ ውይይቱ ገባ። ምን ዓይነት ውይይት መሰላችሁ። ልጅቷ ፊታቸው ተቀምጣለች፤ ከፀጉሯ ጠበል ይንጠባጠባል፤ እነሱ ስለ እሷ እንደሌለች ያወራሉ።

«በግልጽ እንነጋገር» አለ ናቲ። «የጎን በር ውስጥ እያለች ይሻል ነበር። አሁን የሆነ ነገር ጎድሏታል።»

«ብቻዋን ስለሆነች ነው የምትወደደው» አለች አንዷ። «ያኔ ከበሮው እየዋጣት ቃሏ አይሰማም ነበር።»

«አሁንስ ምን ይሰማል? ድልድዩ ላይ የምትጮኸው ቃል ምን እንደሆነ ንገሪኝ። 'እንባ' ነው።»

«'ግባ' ነው» አለ ሌላው። «ግባ፣ ግባ ነው የምትለው።»

«ራሷን ለምን አትጠይቋትም?» አለች ቤዛ።

ሁሉም ወደ አርሴማ ዞሩ። እሷ ጊታሯን ከግድግዳው አነሣች፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። ማጉያ የለ፣ መብራት የለ፤ እንዲሁ ጀመረች።

እኔ ዘፈን ሰሚ አይደለሁም፤ ያውም በጾም። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ለመቆም ሞከርኩ። ድምጿ ግን ክርስትና የተነሣች ቀን እቅፌ ውስጥ ያለቀሰችበት ድምፅ ነበር፤ ከዚያ ብዙም አልራቀ። ቃሉ ጥቂት ነው። የበር ነገር አለበት፣ የስልክ ነገር አለበት። እየጨመረ፣ እየጨመረ መጣና ያ ድልድይ ያሉት ቦታ ደረሰ። አሁን በማሽን አልተደፈነም። ጥርት አድርጎ ወጣ።

«እማ» ብላ ጠራች።

«ወዬ» አለ ከበሩ።

እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። አስበውበት አይደለም። ከወጥ ቤት ሆነው ልጅ ሲጠራቸው እንደሚሉት፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ፍጥነት ነው የወጣቸው። የአርሴማ እጅ ክሩ ላይ ቀረ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ፤ በግማሽ በተነሣው መዝጊያ ስር ሁለት ዓይነት ጫማ ያደረጉ አንዲት ሴትዮ ቆመዋል።

«ወዬ» አሉ ደግመው፤ ያልሰማች መስሏቸው። «ምን ፈለግሽ?»

አርሴማ ከወንበሯ አልተነሣችም። «ምንም» አለች። «ዝም ብዬ ነው የጠራሁሽ።»

እትዬ ጥሩነሽ በተቀመጠው ሰው መሀል እየተራመዱ፣ «ይቅርታ ልጄ፣ ይቅርታ የኔ ልጅ» እያሉ የሰው እጅ እንዳይረግጡ እያለፉ ሄደው አጠገቧ ቆሙ። ፀጉሯን ነኩት። «ረጥበሻል» አሉ። ቀጥለው «ከስተሻል» አሉ። እኔ ለዚህ ዕርቅ ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር ነበረኝ፤ ማንም አልጠየቀኝም። ናቲ ደግሞ ያለቅሳል። መሐረብ የሚሰጠው ሰው አጥቶ ፊቱን በቤዛ ሻርፕ ይጠርጋል።

ከዚያ በኋላ ወንበር መጣልን። እትዬ ጥሩነሽ ልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው ጎንበስ ብለው ሲጠይቋት ሰማሁ።

«ልጆቹስ?»

«የትኞቹ?»

«እነዚያ ሦስቱ። ያ ከበሮ የሚመታው።»

«ተለያየን እማ። ሰምተሽ የለ?»

«ለምን?»

አርሴማ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ተኮራረፍን። እሱ ይደውል ብዬ ጠበቅሁ። እሱም እሷ ትደውል ብሎ ነው መሰለኝ። አሁን ረዘመ።»

እትዬ ጥሩነሽ ኪሳቸው ውስጥ ያለችውን ስልክ በጨርቁ ላይ ዳሰሷት። እኔም ፊቴን አዞርኩ፤ አንዳንድ ነገር አበልጅም ቢሆን አይቶ እንዳላየ ማለፍ አለበት።

ልጅቷ እሑድ ልትመጣ ተቀጣጥረው፣ የማጉያውን ነገር «እናስጠግነዋለን» ብለውኝ፣ አመሻሽ ላይ ወጣን። ጋሼ ታደለ በድልድዮቹ ስር አሁን ፍጥነት ሳይቀንሱ ያልፋሉ። እኔ ለአባ ደውዬ ምን ብዬ እንደምጀምር እያሰብኩ ነበር፤ «አባ፣ ያቺ ልጅ ዘፈን ነው» ብሎ ነገር ምን ዓይነት ነገር ነው?

«ጋሼ ታደለ» አሉ እትዬ ጥሩነሽ ድንገት። «ያ ከበሮ መቺ የማን ልጅ ነው?»

«የእትዬ አልማዝ የመጨረሻው። ፒኮ ላይ ነው ቤታቸው።»

«ሽማግሌ ይላካል።»

ጋሼ ታደለ በመስታወቱ አዩአቸው። «ለጋብቻ ነው?»

«ለባንዱ ነው። አንዱ እርስዎ ነዎት። አባን እንጠይቃቸዋለን። ሦስተኛዋ አበልጄ ናት።»

ደንግጬ የቀረሁት እዚህ ላይ ነው። የቀኑ ድንጋጤ ሁሉ ሲደመር ይህን አያክልም። እኚህ ሴትዮ ያንን ባንድ በስሙ አንሥተው በስለት ያፈረሱት ናቸው፤ ሲፈርስ ጧፉን ያበሩት ናቸው፤ ጧፉን የገዛሁላቸውም እኔ ነኝ።

«አበልጄ» አልኳቸው በቀስታ፣ «ወይ እኔ ወይ ባንዱ ብለዋት አልነበር?»

«ብያለሁ። ያኔ ሰምቼው አላውቅማ።» መስኮቱን አዩ። «ድምጿ ጥሩ ነው። ግን ያ ልጅ እውነቱን ነው፤ ብቻዋን የሆነ ነገር ይጎድላታል። ከበሮ ያስፈልገዋል።»

«በዐቢይ ጾም ለዘፈን ሽምግልና...» ብዬ ጀመርኩ።

«ለልጆች ነው» አሉ። «ዘፈኑን ከፋሲካ በኋላ ይደርሱበታል።»

ጋሼ ታደለ የመኪናውን ምልክት አብርተው ወደ ፒኮ ታጠፉ። «ዛሬውኑ ይሻላል» አሉ፤ «እትዬ አልማዝ በዚህ ሰዓት ቤት ናቸው።» እኔም ከኋላ ወንበር ላይ፣ ባዶ ጀሪካን ታቅፌ፣ እትዬ አልማዝ ደጅ ላይ የምናገረውን አፌ ውስጥ አዞር ጀመር። ለሙሽራ ሲላክ «ልጅዎን ለልጃችን» ይባላል። ለከበሮ መቺ ምን እንደሚባል ግን በአማርኛም በእንግሊዝኛም የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ መኪናው ደግሞ ቆሟል።